የጓደኛዬ አመል ተጋባብኝ፤ መንተባተቧስ ይተላለፍብኝ ይሆን?

ጥያቄ፦ «ተወልጄ ያደግሁት መሐል ሜዳ ነው። በመምህርነት ተቀጥሬ ደብረ ብርሃን ከመጣሁ ጀምሮ ከአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጋር ቤት ተጋርተን እንኖራለን። እሷ የምንጃር ልጅ ናት፤ በዕድሜም በሥራም ትቀድመኛለች። ስትስቅ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ትሸፍናለች፤ ወሬዋን ሁሉ ‹እሱማ ልክ ነው› ብላ ትዘጋለች፤ ስታስብ ጆሮዋን ታሻሻለች። አሁን ይህን ሁሉ እኔም አደርጋለሁ። ለፋሲካ አገር ቤት ስገባ እናቴ ‹ልጄን ልኬ ሌላ ሰው መጣችልኝ› አለችኝ። ይህስ ይሁን። ጓደኛዬ ቃል ስትጀምር ትንተባተባለች። በቅርቡ በሻይ ሰዓት መምህራን ተሰብስበን ሳለ ለጠየቀችኝ ነገር ስመልስ እኔም እንደ እሷ ‹እ... እ... እኔ› ብዬ ጀመርኩ። ሰው ሳቀ። እሷ ብርጭቆዋን አስቀምጣ ወጣች፤ ከዚያ ወዲህ ፊት ነሥታኛለች። አላሾፍኩም፤ አምልጦኝ ነው። የራሴ ማንነት የለኝም ማለት ነው? መንተባተቡስ ሊጋባብኝ ይችላል? አንድ ባልደረባችን ‹ቤት ቀይሪ፣ አለዚያ ለምዶብሽ ይቀራል› ብሎኛል። ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦ መንተባተብ አይጋባም። ሌላው ጥያቄዎ ሁሉ ከዚህ በኋላ ይደርሳል። ብዙዎቻችን «ተብታባን ያስመሰለ ልጅ ተብታባ ሆኖ ይቀራል» እየተባልን አድገናል። ልጆች በሰው ችግር እንዳይሳለቁ ለማስፈራራት ሳይጠቅም አልቀረም፤ እውነትነት ግን የለውም። መንተባተብ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከ2 እስከ 5 ዓመት ባለው ዕድሜ፣ ልጁ ቃላትን መገጣጠም በሚለምድበት ወቅት ነው። በዘር የመውረድ ዝንባሌ አለው፤ አንጎል የንግግር ጡንቻዎችን ቅደም ተከተል ጠብቆ ከሚያዝበት መንገድ ጋር የተያያዘ ነው። ከ100 ሕፃናት 5 ያህሉ በዚህ ያልፋሉ፤ አብዛኞቹን ይተዋቸዋል፤ አዋቂ ሆነውም አብሯቸው የሚዘልቀው ከ100 አንድ ያህሉን ነው። ከሴት ይልቅ ወንድ ላይ ይበዛል። አንዲት ጤነኛ አዋቂ ሴት ከሰው ጋር አንድ ቤት ስለኖረች የሚተከልባት ነገር አይደለም።

በሻይ ሰዓት ከአፍዎ የወጣውና ጓደኛዎ በየቀኑ የምትታገለው አንድ አይደሉም። እሷ የምትለውን ቃል ታውቀዋለች፤ አፏ ግን አልለቅም ይላታል። መንጋጋ ይጠነክራል፣ አንገት ይገተራል፣ ዓይን ይርገበገባል። ከብዙ ዓመት ልምድ የተነሣ የትኛው ቃል እንደሚይዛት አስቀድማ ስለምታውቅ በሌላ ቃል ትዞረዋለች፤ ምናልባት ስሟን ሲጠይቋት ነው ይበልጥ የሚከብዳት፤ ስም በሌላ ቃል አይተካምና። እርስዎ የቀዱት የላዩን ቅርጽ፣ የመጀመሪያውን ድምፅ መደጋገሙን ብቻ ነው። ለማረጋገጥ ራስዎን ይታዘቡ፤ ብቻዎን ድምፅ አውጥተው ሲያነብቡ፣ ክፍል ውስጥ ሲያስተምሩ፣ ከእናትዎ ጋር በስልክ ሲያወሩ ይመጣል? የሚመጣው ከእሷ ጋር ሲሆኑ ብቻ ከሆነ ቅጂ ነው። በዚህ አጋጣሚ ጓደኛዎ ከምእመናን ጋር ስትዘምር፣ ወይም ከተማሪዎቿ ጋር በአንድ ድምፅ ስታነብ አስተውለው ያውቃሉ? መንተባተብ ያለባቸው አብዛኞቹ ሰዎች ሲዘምሩና ከሌላ ሰው ጋር እኩል ሲያነብቡ ቃሉ ያለ መሰናክል ይወጣላቸዋል። ነገሩ በፍርሃት ወይም በመጥፎ ልማድ ብቻ የሚመጣ ቢሆን ኖሮ ዜማ እንዲህ ባላቀለለው ነበር።

ወደ ሁለተኛው እንሂድ። ጓደኛዎ አሾፈችብኝ ብላ ማመኗ አይገርምም፤ ዕድሜዋን ሙሉ ሲያስመስሏት የኖሩት ሰዎች ሁሉ የሚያሾፉ ነበሩና። እርስዎ ያደረጉት ግን ሌላ ነገር ነው፤ በደንብ ተጠንቶም ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1999 ታንያ ቻርትራንድና ጆን ባርግ የተባሉ ተመራማሪዎች ሰዎችን ከማያውቁት ሰው ጋር አስቀምጠው በየተራ ፎቶግራፍ እያዩ ምን እንዳለበት እንዲናገሩ አደረጉ። ያ የማያውቁት ሰው ከተመራማሪዎቹ ጋር የተመካከረ ነበር፤ አንዱ ፊቱን ያሻል፣ ሌላው እግሩን ይነቀንቃል። ተሳታፊዎቹ ፊቱን ከሚያሸው ጋር ሲሆኑ ፊታቸውን ማሸት፣ እግሩን ከሚነቀንቀው ጋር ሲሆኑ እግራቸውን መነቅነቅ አበዙ። በኋላ ሲጠየቁ ያስተዋለ አልነበረም፤ የሰውየውን አመልም የራሳቸውንም። በተከታዩ ሙከራ ደግሞ ተገላቢጦሹ ታየ፤ እንቅስቃሴያቸው በስውር የተቀዳባቸው ሰዎች የቀዳቸውን ሰው የበለጠ ወደዱት፣ ጭውውቱም የሰመረ መሰላቸው። እስስት ከቅጠሉ ጋር እንደምትመሳሰል ስለሆነ ክስተቱን በእስስት ስም ጠሩት።

ከዚያ ወዲህ የወጡ ጥናቶች ይህ ነገር በማን ላይ እንደሚበረታ አሳይተዋል። ነገሩን በሌላው ሰው ዓይን ማየት የሚቀናው ሰው ይበልጥ ይቀዳል። ከሰው ጋር መግባባት የፈለገ ይበልጥ ይቀዳል። ከቡድን የተገለለ ሰው ከዚያ በኋላ የሚያገኘውን ሰው ይበልጥ ይቀዳል። በአንጻሩ የማንወደውን ሰው ብዙም አንቀዳም። የእርስዎን ሁኔታ በዚህ ላይ ያስቀምጡት፤ ከቤተሰብ ተለይተው ዘመድ በሌለበት ከተማ ሥራ ጀመሩ፤ አንድ ጣሪያ ሥር የተቀበለችዎ ሴት በዕድሜም በልምድም ትበልጣለች፤ የትምህርት ቤቱን ወግ ከእሷ ነው የለመዱት። ጠዋት አብራችሁ ትወጣላችሁ፣ ማታ በደብረ ብርሃን ብርድ አንድ ምድጃ ከብባችሁ ታመሻላችሁ። ባይቀዱ ነበር የሚገርመው። «የራሴ ማንነት የለኝም ወይ» ላሉት መልሴ አለዎት ነው። ማንነት በሚያምኑበት ነገር፣ በማይደራደሩበት ጉዳይና በገቡት ቃል ይለካል እንጂ በጆሮ ማሻሸት አይለካም። ነገሩን ማጋነን ግን አልፈልግም፤ በጥናቶቹ የታየው ልዩነት በአማካይ የተወሰደና ብዙም ሰፊ ያልሆነ ነው፤ «ብዙ የሚቀዳ ሰው ደግ ነው፣ የማይቀዳ ጨካኝ ነው» የሚል ፍርድ አይወጣበትም።

አባቶች «ከአህያ የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ መጣች» ይላሉ። ተረቱ መጋባቱን አይቷል፤ የሚጋባው ክፉ ክፉው ብቻ ይመስል መናገሩ ነው የማይጥመኝ። ለቅሶ ቤት ይመልከቱ። ሟቹን በስም እንኳ የማያውቅ ሰው ደጁን ሲያልፍ ፊቱ ይለወጣል፣ ድምፁ ይወርዳል፣ ጥቂት እንደተቀመጠ ዕንባው ይመጣል። ማንም አስመሳይ አይለውም። ትንፋሽን ወደ ውስጥ ሳብ አድርገን «አዎ» የምንልበትን መንገድም ያስቡት፤ የባሕር ማዶ እንግዳ ሲሰማው ደንግጠን ወይም ትን ብሎን ይመስለዋል። እኛን ይህን አድርጉ ብሎ ያስተማረን የለም። ከእናትና ከጎረቤት ቀድተነው ነው፤ አሁንም አንድ ሰው ሲያወጋ ከበው የሚያዳምጡት ተራ በተራ ይህን ሲያደርጉ አንዱ ሌላውን እያስከተለ ነው።

አነጋገርም በዚሁ መንገድ ይሄዳል፤ ስለ እናትዎ ቅሬታ የምነግርዎም ይህንኑ ነው። የአማርኛ ቀበሌኛዎች ሲዘረዘሩ እርስዎ ያደጉበት የመንዝ አነጋገር ከጎንደር፣ ከጎጃም፣ ከወሎና ከአዲስ አበባ ጎን ራሱን ችሎ ይጠቀሳል። ከዚያ አነጋገር ወጥተው የምንጃር ልጅ ከሆነችና ከተማ ውስጥ ከቆየች ሴት ጋር ሲኖሩ የድምፅዎ አወራረድ ወደ እሷ ዘንበል ይላል። አንድ ክፍል የተጋሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን በትምህርት ዘመኑ ውስጥ ደጋግሞ በመቅዳት የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ድምፃቸው ወደ አንዱ እንደሚጠጋ አሳይቷል፤ መጠጋቱ ትንሽና ወጣ ገባ ቢሆንም ይበልጥ በተቀራረቡት ላይ ጎልቶ ታየ። ጉዞው የአንድ መንገድ አይደለም። መሐል ሜዳ ገብተው ጥቂት ሲሰነብቱ የእናትዎ አነጋገር እንደሚመለስልዎ ሳያስተውሉት አይቀሩም። እናትዎ የሰሙት የመጀመሪያውን ቀን ነው።

ሁለት ነገሮችን በአጭሩ ላርም፤ በየመድረኩ ስለሚነገሩ እርስዎም ሳይሰሟቸው አይቀሩም። አንደኛው «መስታወት ነርቮች» የሚባሉት ሁሉን ያብራራሉ የሚለው ነው። እነዚህ ሕዋሳት በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ በጣልያን ፓርማ ከተማ በዝንጀሮ ዝርያዎች አንጎል ውስጥ ተገኙ፤ እንስሳው ራሱ ዕቃ ሲያነሣም፣ ሌላው ሲያነሣ ሲያይም ይሠራሉ። ግኝቱ ትልቅ ነው። ከዚያ ተነሥቶ የሰውን ርኅራኄ፣ ቋንቋና አመል ሁሉ በእነሱ ማሳበብ ግን ማስረጃው ከሚፈቅደው በላይ መሄድ ነው። ሁለተኛው ባልና ሚስት አብረው ሲኖሩ መልካቸው ይመሳሰላል የሚለው ነው። «ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል» የምንለውን እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣ አንድ ጥናት የደገፈው መስሎ ነበር፤ በ2020 በብዙ ጥንዶች ፎቶግራፍ ላይ የተሠራ ሌላ ጥናት ግን መልክ በጊዜ ብዛት እንደማይቀራረብ፣ ቀድሞውንም የሚመሳሰሉ ሰዎች እንደሚጋቡ አሳየ። አመል ይጋባል፤ አፍንጫ አይጋባም።

አሁን የሚያስቸግርዎ ወዳለበት እንምጣ። ከዚያ ቀን በኋላ ከጓደኛዎ ጋር ሲሆኑ «እንዳይደገም፣ እንዳይደገም» እያሉ አፍዎን እየጠበቁ እንደሆነ እገምታለሁ። ይተዉት። ዳንኤል ዌግነር የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1987 ሰዎችን «ስለ ነጭ ድብ አታስቡ» ብሎ ሞክሯቸው፤ ድቡ ከአእምሯቸው አልወጣ አለ፤ ክልከላው ሲነሣማ ጭራሽ በዛ። አፍዎን ለመጠበቅ ሲሉ አእምሮዎ የሚጠብቀውን ነገር ፊት ለፊት ያስቀምጠዋል። ጭንቀቱ ሲታከልበት ንግግር ለሁላችንም ይሰናከላል፤ ያኔ «ይኸው ተጋባብኝ» ይላሉ።

የማያወላዳው ምክሬ ይህ ነው፤ በዚህ ሳምንት ውስጥ ለብቻዋ ያነጋግሯት። ቤት ውስጥ፣ ሌላ ሰው በሌለበት፣ ሁለታችሁም ሥራ ፈትታችሁ ስትቀመጡ። አስታራቂ አይላኩ፤ ሽማግሌ ከገባበት ነገሩ ባልተጣላችሁበት ጠብ ይሆናል። «ሳላውቅ ነው እኮ» ብለው አይጀምሩ፤ ያ የራስዎ ጉዳይ ነው፤ እሷን የጎዳት ሰው ፊት መሳቂያ መሆኗ ነው። በእሱ ይጀምሩ። እንዲህ ሊሉ ይችላሉ፦ «የዚያን ቀን ሻይ ላይ ሰው ሲስቅ ከእኔ አፍ በወጣ ነገር ነው የሳቀው፤ በዚያም አዝናለሁ። ነጠላሽንም፣ ‹እሱማ›ሽንም፣ ጆሮ ማሻሸትሽንም ቀድቼብሻለሁ፤ እናቴ እንኳ ታዝባኛለች። ያም አብሮ የመጣ ነው። ላሾፍብሽ አስቤ አላውቅም።» ከዚያ ዝም ይበሉ። ልትመልስ ስትጀምር ቃል ቢይዛት አይጨርሱላት፣ ዓይንዎንም አይስበሩ። «ተረጋጊ»፣ «ቀስ በይ» ማለት ለእሷ እንደ ስድብ ነው፤ ሕይወቷን ሙሉ ሰምታዋለች።

ወዲያው ላታምንዎ ትችላለች። ይቅርታውን በየቀኑ እየደጋገሙ አያሳምኗት፤ አንዴ ከተነገረ የቀረውን አኗኗርዎ ይናገር። የሳቁት መምህራን ደግሞ ሌላ ጉዳይ ናቸው። በሚቀጥለው የሻይ ሰዓት ወሬው ቢነሣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይዝጉት፤ «እኔ ነኝ የተሰናከልኩት፣ የሚያስቅም ነገር አልነበረውም» በቂ ነው። እሷ በሌለችበትም ቢሆን እንዲሁ ይበሉ።

ለራሱ ለአነጋገሩ የሚረዳዎ ቀላል ዘዴ አለ። አንድን ልማድ ዝም ብሎ ከመከልከል ይልቅ አብሮት ሊሆን የማይችል ሌላ ድርጊት በቦታው መተካት ይሻላል፤ ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1973 አዝሪንና ነን የተባሉ ባለሙያዎች ለሌሎች ልማዶች አውጥተውት እስከ ዛሬ ይሠራበታል። በእርስዎ ጉዳይ እንዲህ ነው፤ ጓደኛዎ ጠይቃዎ መልስ ሊጀምሩ ሲሉ አፍዎን ገጥመው ትንፋሽ በአፍንጫ ይሳቡ፣ ትንሽ ያስወጡ፣ ከዚያ የመጀመሪያውን ቃል ሳብ አድርገው ለስለስ ባለ ድምፅ ይጀምሩ። ድምፁን ለመደጋገም የሚሆን ክፍተት አይኖርም። ዘዴው ለእሷም ትርፍ አለው። አጠገቧ ያለ ሰው ሳይጣደፍ፣ በዓረፍተ ነገር መካከል እየተነፈሰ ሲያወራ የሚንተባተብ ሰው ላይ ያለው ጥድፊያ ይቀንሳል። መቅዳቱ በሁለቱም አቅጣጫ እንደሚሄድ ነግሬዎታለሁ፤ እርጋታዎን እሷ ብትቀዳ ማንም አይጎዳም። መንተባተቧን ይፈውሳል ብለው ግን አይጠብቁ፤ እሷ ሳትጠይቅዎም አስተማሪዋ አይሁኑ።

የነጠላውን፣ የ«እሱማ»ውንና የጆሮውን ነገር አይንኩት። ሁሉን በአንድ ጊዜ ላርም ያለ ሰው ቀኑን ሙሉ ራሱን ሲሰልል ይውላል፤ ጭውውቱም ይደርቃል። ጓደኛዎ በግልጽ «ይህን ተይልኝ» ካለችዎ ብቻ ያችኑ አንዷን ይተዉ።

መምህር ስለሆኑ አንድ ነገር ልጨምር። ተማሪዎችዎ እርስዎን እየቀዱ ነው፤ እረፍት ላይ «መምህርት» ሆነው ሲጫወቱ ቢያዩ ጆሮዋን የምታሻሽ መምህርት ሊያዩ ይችላሉ። ከክፍልዎ የሚንተባተብ ልጅ ቢኖር ሌሎቹ የሚይዙት እርስዎ እሱን የሚያዳምጡበትን ፊት ነው። እንደገና በል እያሉ አያስደግሙት፣ «ተብታባ» የሚል ስምም በማንም አያስለጥፉ። እ.ኤ.አ. በ1939 በአሜሪካ አዮዋ 22 ወላጅ አልባ ሕፃናት ላይ በተደረገ ሙከራ አጥርተው የሚናገሩ ልጆች ሳይቀሩ «ንግግርህ ችግር አለው» እየተባሉ ተወቅሰው ነበር። ተብታባ አልሆኑም፤ ግን ዝምተኛና ለመናገር የሚፈሩ ሆኑ። ሙከራው የተካሄደበት የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ይቅርታ ጠየቀ። ባልደረባዎ «ለምዶብሽ ይቀራል» ሲልዎ የሠራው ሥራ ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም፤ ንግግርዎን ያልነካውን ነገር ጠቅሶ በንግግርዎ እንዲፈሩ አደረገዎ።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ የማይሠራባቸው ሁኔታዎች አሉ። ተንተባትቦ የማያውቅ አዋቂ ሰው በድንገት፣ ከማንም ጋር ሲያወራ መንተባተብ ከጀመረ ከመቅዳት ጋር አይገናኝም። የአንጎል የደም ዝውውር መቋረጥ፣ የጭንቅላት ምት፣ አንዳንድ መድኃኒቶች ወይም ከባድ የአእምሮ ጫና ሊያመጡት ይችላሉ። በተለይ ከፊት አንዱ ጎን መውደቅ፣ ከእጅ ወይም ከእግር መዛል፣ ከቃል መጥፋት ጋር ከመጣ ነገ አይባልም፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው። እንዲሁም አንድ አዋቂ የሰማውን ቃል ሁሉ መልሶ እንደ ማሚቶ ማስተጋባት፣ ያየውን እንቅስቃሴ ሁሉ መድገም ቢጀምርና ልተው ቢል ባይችል ሐኪም ሊያየው ይገባል። የእርስዎ ደብዳቤ ይህን አያሳይም። ከዚህ ሌላ የሚቀዱት ከአመል አልፎ ሐሳብዎን የነካ እንደሆነ፣ ማለትም ከአንዱ ጋር ሲሆኑ አንድ ነገር፣ ከሌላው ጋር ሲሆኑ ተቃራኒውን እየተናገሩ ማታ የትኛው የእኔ ነው ብለው የሚጨነቁ ከሆነ፣ ያንን ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር ፊት ለፊት መነጋገር ያስፈልጋል፤ በጽሑፍ መልስ አይፈታም።

ቤት አይቀይሩ። ሳትነጋገሩ ዕቃዎን ጭነው ከወጡ ጓደኛዎ የምትረዳው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አሾፈችብኝ፣ ከዚያም ከንግግሬ ሸሸች። የሄዱበት ቤትም ሰው አለበት፤ የዚያን ሰው አመል ይቀዳሉ። ተነጋግራችሁ፣ ጥቂት ሳምንታት ጠብቃችሁ፣ እሷ ራሷ አብሮ መኖሩ ከበደኝ ካለች ያኔ በስምምነት ትለያያላችሁ፤ የቤት ኪራዩንም እስከ ወሩ መጨረሻ የድርሻዎን ይክፈሉ።